ፀሐይ ካየሁ ሰነበትኩ
ሰላላ፣ ነሐሴ 20

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ከረማችሁ እማዬ? አባባስ፣ ልጆቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ነው እንጂ።

ባለፈው ስንደዋወል አባባ «የዐረብ አገር ፀሐይ እንዳያከስልሽ፣ ራስሽን ሸፍኚ» አሉኝ። ሳልመልስላቸው ስልኩ ተቋረጠ። ንገሪልኝ፣ ፀሐይ ካየሁ ሰነበትኩ።

ይህች የኦማኗ ሰላላ እንደ ሌላው የዐረብ አገር አይደለችም። በኅዳር በቀን ለ10 ሰዓት ያህል ፀሐይ አለ፤ ያኔ ያሰጣሁት አንሶላ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ይደርቃል። እስከ ግንቦት እንዲሁ ነው። ሰኔ 14 ላይ ግን «ኸሪፍ» የሚሉት ወቅት ይገባና ሰማዩ ይዘጋል። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይዋ በአማካይ በቀን 2 ሰዓት እንኳ አትታይም። የእኛ ክረምት ሲገባ የእነሱም ይገባል ማለት ነው።

የምሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ እንዳስረዳኝ፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የባሕሩን የላይኛውን ውሃ ይገፋና ቀዝቃዛው ከሥር ይወጣል። እርጥቡ አየር በዚያ ላይ ሲያልፍ ጉም ይሆናል፤ የዶፋር ተራሮች ደግሞ ያግዱታል። ከላይ የበረሃው ሙቅ አየር ስለሚጫነው እንደኛ ዶፍ አይጥልም፤ ቀኑን ሙሉ ካፊያ ነው።

ሌላው የባሕረ ሰላጤ አገር ከ45 ዲግሪ በላይ ሲነድ እዚህ 25 አካባቢ ስለሆነ እንግዳው ይጎርፋል። ቤቱም ይሞላል፣ ልብሱም ይከመራል፤ ያጠብኩት ሁለት ቀን ማራገቢያ ሥር ውሎ አድሮ እንኳ እርጥበቱ አይለቀውም። እነሱ ጉሙን አይተው ይደሰታሉ፤ ከበረሃ ለመጣ ሰው እውነትም ደስ ይላል።

አንድ ቀን እኔንም ወደ ተራራው ይዘውኝ ወጡ። ከመኪናው ስወርድ ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ጉሙ ደግሞ አሥር እርምጃ አያሳይም። ጦሳ ሥር የቆምኩ መሰለኝ እማ። የደሴ ጉም ሽታው ሳይቀር መጣብኝ። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ፤ ካፊያው ስለነበር ማንም አላወቀብኝም። አንቺ ግን ይህን ሰምተሽ እንዳታለቅሺ።

የሚከብደኝ መስከረም 1 ነው። እናንተ ዘንድ ሰማዩ ይገለጣል፣ አደይ ይፈነዳል። እዚህ ኸሪፍ የሚወጣው መስከረም 11 ነው። አምናም እንቁጣጣሽ በጉም ውስጥ አለፈብኝ፤ እነዚያን አሥር ቀናት እንደ ጾም ነው የቆጠርኳቸው።

ወደ አገር በምትገባ ልጅ ዕጣን ልኬልሻለሁ። ምርጡ የሚገኘው ከተራራው ጀርባ፣ ጉሙ ከማይደርስበት ደረቅ መሬት ነው። ለዱዓ ስትቀመጡ አጭሺው። ልጅቷ በኅዳር ስለምትመለስ በርበሬ ላኪልኝ፤ በጥቅምት ፀሐይ ከግቢያችን የደረቀውን፣ ከገበያ የተገዛውን አይደለም።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ልጅሽ