አፈሙዝ ቀይሮ ሳይሞክሩ ጫካ መግባት ይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ደቡብ ጀርመን ባደን ቩርተምበርግ ውስጥ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ፣ ስራዬ ፋብሪካ ነው፣ ከሰባት ዓመት ወዲህ ደግሞ የአደን ፈቃድ አለኝ። ይሄን የምጽፈው በዚህ ክረምት ብቻ ሦስት የኛ ልጆች ደውለው አንድ አይነት ጥያቄ ስለጠየቁኝ ነው፣ የአደን ፈቃድ ፈተናውን አልፈዋል እና አፈሙዙ፣ ማለትም ጥይቱ የሚወጣበት ረጅሙ ቱቦ፣ የሚቀየረውን፣ ቦልቱ፣ ማለትም ጥይቱን የሚያጎርሰውና ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ ቀጥ ብሎ የሚሳበውን ጠመንጃ ሊገዙ ነው፣ ጥሩ ነው ወይ አሉኝ። በስልክ አስረድቼ ስለማልጨርሰው፣ በአማርኛም የጻፈው ሰው ስላላየሁ፣ ቦታ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

አዎ ጥሩ ነው። እኔ የያዝኩት ብላዘር አር 8 ነው፣ ኢስኒ በምትባል የአልጎይ ከተማ የሚሰራው፣ 2008 ላይ የወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ከሱ በፊት 1993 ላይ የወጣው አር 93 ነበር። ቀጥ ብሎ የሚሳብ ቦልት ግን የዛሬ ፈጠራ አይደለም፣ የኦስትሪያ ጦር በ1895 ማንሊከሩ፣ ስዊሶቹም በካ 31 ይዘውት ኖረዋል። እኛ አገር የለመድነው በልጅግ እጀታውን ወደ ላይ ታነሳለህ፣ ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ወደፊት ትገፋለህ፣ መልሰህ ታወርዳለህ። በዚህኛው ወደ ኋላ ሳብ ወደፊት ገፋ ነው፣ በቃ። ህዳርና ታህሳስ ላይ በሰውና በውሻ እየተባረረ በሚታደንበት ጊዜ የዱር አሳማው እየሮጠ ሲመጣ ጉንጭህን ከሰደፉ ሳታነሳ ሁለተኛውን መተኮስ ትችላለህ።

አፈሙዙ እንዴት እንደሚቀየር ልንገራችሁ ምክንያቱም ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ቦልቱ ሲዘጋ ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት ይሰፋና አፈሙዙ ውስጥ በተቆረጠ ቦይ ዙሪያውን ቆልፎ ይይዛል፣ ማለትም የጥይቱን ጉልበት የሚሸከመው ራሱ አፈሙዙና ቦልቱ ነው እንጂ የጠመንጃው አካል አይደለም። ስለዚህ ከስር ያሉትን ሁለት ዳዶዎች በቲ ቅርጽ ኪያቤ ፈትተህ አፈሙዙን ብድግ አርገህ ሌላ ማስቀመጥ ትችላለህ። ቴሌስኮፑም የሚታሰረው አፈሙዙ ላይ ስለሆነ አብሮ ይሄዳል አብሮ ይመለሳል። የጥይቱ ቤተሰብ ከተለየ ደግሞ የቦልቱን ራስና ካርታው ውስጥ ያለውን ማስገቢያም ትቀይራለህ፣ እኔ ከትልቁ ጥይት ከ.308 ወደ ትንሹ ወደ .223 ስሄድ እንደዛ ነው የማደርገው።

ለምን ሁለት ያስፈልጋል ለሚለኝ መልሱ ህጉ ውስጥ አለ። የጀርመን የአደን ህግ ሬ ለሚሉት፣ የኛን ሚዳቋ ለሚመስለው ትንሽ አጋዘን፣ ጥይቱ 100 ሜትር ላይ ቢያንስ 1000 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) እንዲኖረው ይላል። ለዱር አሳማና ለትልቁ አጋዘን ግን ውፍረቱ ከ6.5 ሚሊሜትር ያላነሰ ጥይትና 2000 ጁል ይጠይቃል። .223 ለሬ በቂ ነው፣ ስጋ አያበላሽም፣ ትከሻ አይመታም፣ ለአሳማ ግን የተከለከለ ነው። ሁለት ጠመንጃ ከመግዛት አንድ ሰደፍ አንድ ቃታ ይዞ መልመድ ይሻላል፣ እጅህ ያውቀዋል፣ ካዝናም ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ካዝናው ከ2017 ወዲህ ለአዲስ ገዢ በጥንካሬ መለኪያው ደረጃ 0 የሚባለው መሆን አለበት፣ በጣም ከባድ ነው፣ ፎቅ ላይ ለምትኖሩ አስቡበት። ትርፍ አፈሙዝ ደግሞ በህግ እንደ መሳሪያ ነው የሚቆጠረው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈቃዱ ላይ ይመዘገባል፣ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል፣ ጋራዥ ወይ ቁምሳጥን ጀርባ ማቆም አይቻልም፣ ይሄን ሳያውቁ የቀሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።

እኔን ግን ይህን ጠመንጃ ያስገዛኝ አፈሙዙ አይደለም። የአጎቴ ልጅ ጎጃም ውስጥ ገና በ19 ዓመቱ አንድ እግሩን ያጣው ጥይት የጎረሰ በልጅግ ከግድግዳ ሲያወርድ ነው፣ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ድምፁን ሰምቼ ስሮጥ ያየሁትን እስከዛሬ አልረሳውም። አር 8 ላይ ሴፍቲ የሚባል ነገር የለም፣ ከሰደፉ አንገት ላይ በአውራ ጣት ወደፊት የሚገፋ ነገር አለ፣ እሱን እስክትገፋ ድረስ ስፕሪንጉ ልል ነው፣ ጥይት ቢኖርበት እንኳን አልተቀባበለም። አውሬው ወጥቶ አይተህ ለይተህ ስትወስን ታቀባብለዋለህ፣ ካልተኮስክ መልሰህ ታላላዋለህ። ማማ ላይ ስወጣና ስወርድ ግን ያኔም ጥይቱን አወጣለሁ፣ ደንቡም ያ ነው። ገንዘባችሁን ለአንድ ነገር ብቻ የምታወጡ ከሆነ ለዚህ አውጡት እላለሁ።

አሁን የጻፍኩበትን ዋና ነገር ልናገር። ሦስቱም ልጆች አፈሙዙን እንደ ስልክ ከቨር ነው የሚያወሩት፣ ጠዋት ይሄን ማታ ያን። እኔም የገዛሁበት ሱቅ ሰውዬው አፈሙዝ ቀይረህ መልሰህ ብታስር ጥይቱ እዛው ነው የሚያርፈው፣ መሞከር አያስፈልግም ብሎኝ ነበር፣ አመንኩት፣ እውነትም ብዙ ጊዜ እዛው ነው የሚያርፈው። በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ .308ቱን አውጥቼ .223ቱን እያሰርኩ ስልክ ተጠራ፣ እናቴ ናት ከአገር ቤት፣ የፊቱን ዳዶ አጥብቄ የኋላውን በጣት ያህል አዙሬ ትቼ ተነሳሁ። ስመለስ ያለቀ መሰለኝና ወደ ካዝናው አስገባሁት። በማግስቱ ማማዬ ላይ ልክ ሊመሽ ሲል አንድ ወንድ ሬ ከበቆሎው ጫፍ ወጣ፣ 80 ሜትር ቢሆን ነው፣ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆሟል፣ የማያስት ነበር። ተኮስኩ፣ ጀርባውን አጎበጠና ቀስ ብሎ እየተንገዳገደ ጫካ ገባ። የጎበጠ እንስሳ ሆዱን እንደተመታ ያወቀ ያውቀዋል።

የቆመበት ሄጄ በባትሪ ሳይ ደሙ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ነበረበት። ሌሊት መከተል እንስሳውን ከማስሮጥ በቀር ጥቅም የለውም፣ ስለዚህ የደም ፈላጊ ውሻ ያላቸውን አንድ ሽማግሌ ደውዬ ጎህ ሲቀድ መጡ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ውሻዋ ረጅም ማሰሪያዋን እየጎተተች አፍንጫዋን መሬት ላይ አርጋ 400 ሜትር ያህል ወሰደችን፣ እሾህ ስር ተኝቶ አገኘነው፣ ሞቷል፣ ግን ቶሎ አልሞተም፣ መሬቱን በእግሩ የቧጨረው ይታያል። ሽማግሌው ምንም አላሉኝም። ከኦክ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ሰብረው ሰጡኝና እኔ አፉ ውስጥ አደረግኩለት፣ ጀርመኖቹ የመጨረሻ ጉርሻ ይሉታል። እኛ አገር ግዳይ ሲጣል ፉከራ ነው የማውቀው፣ ያን ቀን ግን ለእንስሳ ጉርሻ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ስጋውም ተበላሽቶ ነበር፣ ቋንጣ እንኳን አልወጣውም። (የዱር አሳማውን ትበላለህ ወይ ለምትሉኝ፣ አልበላም፣ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ለአደን ጓደኞቼ ነው የሚሄደው፤ የገበሬውን በቆሎ ስለሚያወድም መታደኑ ግን አይቀርም።)

ቤት ገብቼ ኪያቤውን የኋላው ዳዶ ላይ ሳስገባ ያለ ምንም ኃይል ዞረ። ጠመንጃው ምንም ጥፋት የለበትም፣ እኔ ነኝ። ግን እንኳን እኔ፣ ማንም ሰው ስልክ ሊጠራበት ይችላል፣ ቦይው ውስጥ ቅጠል ሊገባበት ይችላል፣ ቴሌስኮፑን መኪና ውስጥ ሊያጋጨው ይችላል፣ ይሄን ደግሞ በአይን ማየት አይቻልም፣ የሚነግርህ ወረቀት ላይ ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው። ከዛ ወዲህ አፈሙዝ በቀየርኩ ቁጥር መጀመሪያ ተኩስ ሜዳ እሄዳለሁ፣ 100 ሜትር ላይ ሁለት ጥይት፣ ቀኑንና የትኛው አፈሙዝ እንደሆነ ደብተር ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ካልተጻፈ ጫካ አይገባም። የ.223 ጥይት በቀይ ቦርሳ፣ የ.308 በአረንጓዴ፣ ሁለቱ አንድ ኪስ ውስጥ አይገናኙም። ጊዜ ከሌለኝ አፈሙዙን አልቀይርም፣ በ.308 ሬ መምታት ህጉ አይከለክልም።

ለደወላችሁልኝ ሦስት ወንድሞች፣ ግዙት፣ ግን ቅዳሜ ጠዋት እኔ ጋ ተኩስ ሜዳ ኑ፣ ያላችሁን አፈሙዝ ሁሉ ይዛችሁ፣ ለእያንዳንዱ አስር አስር ጥይት አትርሱ፣ ፈታታችሁ መልሳችሁ ታስራላችሁ፣ ከዛ እንተኩሳለን። ኪያቤ እኔ አመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከባደን ቩርተምበርግ