ካራማራን ለምትሻገር ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

በመንገድ ቅየሳ ሥራ ጂጂጋ መመደብህን ስሰማ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ትናንት ግን እኅትህ እንደ ነገረችኝ፣ ገና ሻንጣህን ሳትፈታ ከጓደኞችህ ጋር ካራማራ ተራራ ወጥተህ የተቃጠለ ታንክ ፈልገህ ፎቶግራፍ ለመነሣት ቀጠሮ ይዘሃል። በስልክ ብነግርህ «እሺ አባዬ» ብለህ እንደምታልፈው ስለማውቅ ይህን ጻፍሁ። የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቅ ከመንገድ አትውጣ።

የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ኦጋዴንን ሲወር እኔ ድሬዳዋ ከዚራ የምኖር ተማሪ ነበርሁ። በአዲስ አበባ ወጣቱ በየመንገዱ ይገደል ነበር፤ ሠራዊቱ ኤርትራ ውስጥ ተወጥሮ ነበር፤ ከአሜሪካ ይመጣ የነበረው የጦር መሣሪያም ተቋርጦ ነበር፤ ሞቃዲሾም የጠበቀችው ይህንኑ ጊዜ ነው። የባቡሩ ድልድዮች አስቀድመው ስለ ፈራረሱ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩት አያትህ ሥራ ፈትተው ቤት ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። የዚያድ ባሬ መንግሥት የሚዋጋው የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር እንጂ መደበኛ ጦሬ አይደለም እያለ ለወራት ቢክድም፣ ሽምቅ ተዋጊ ሚግ አውሮፕላን ከየት ያመጣል? በነሐሴ ድሬዳዋ በታንክና በመድፍ ተጠቃች፤ እርሷ ሳትያዝ ብትተርፍም በመስከረም 1970 መጀመሪያ ጂጂጋ ወደቀች።

አጎትህ በዚያ የእናት አገር ጥሪ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ ሠልጥኖ ዘመተ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጂጂጋ ስትመለስ፣ የእኛና የኩባ ወታደሮች የካራማራን ተራራ ፊት ለፊት ብቻ ከመጋፈጥ ዞረው ከጀርባ ስለ መጡበት፣ እርሱም አንድ ጭረት ሳይነካው ከዚያ ሁሉ እሳት ወጣ። እጁስ ትለኝ ይሆናል። ለእናንተ ለልጆች «ካራማራ ላይ ተቆረጠ» ስንላችሁ የኖርነው ውሸት ባይሆንም ጎደሎ ነበር። ውጊያው ካለቀ በኋላ፣ አገር ሰላም ሆነ ተብሎ፣ የማገዶ እንጨት ሊለቅም ከመንገድ ወጣ። ከማዶ አንድ ሶማሌ እረኛ፣ ገና ልጅ፣ ዱላውን እያወዛወዘ በሶማልኛ ደጋግሞ ጮኸለት። ጓዶቹ የጠላት ሰላይ መስሏቸው ጠመንጃ አነሡበት፤ አጎትህም ሳቀና ሣር ውስጥ ያየውን ብረት ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

ልጁ ሊያድነው ይጮኽ እንደ ነበር የገባው ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ያንን እረኛ ሄዶ ሳይፈልገው፣ በሕይወት መኖሩን እንኳ ሳያጣራ መሞቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ማታ ማታ ሲጠጣ የሚያነሣው ድሉን ሳይሆን ያንን ልጅ ነበር።

እንግዲህ ስማኝ። አንተ የምትቀይሰው ጎርፍ የሚያጥበውን አፈር ነው፤ ጎርፍ ደግሞ የተቀበረ ፈንጂ ከነበረበት አንሥቶ ሌላ ቦታ እንደሚያኖር ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። «በካርታው ላይ ንጹሕ ነው» የሚል መልስ አልቀበልህም። መሣሪያ የሚሸከሙልህን ሠራተኞች ከዚያው ቀበሌ ቅጠር፤ ግመል የሚጠብቅ ሽማግሌ ካገኘህ ቁመህ ሰላም በለው፤ ሳትጠይቀው ከመንገድ አትውጣ። ዝገት የበላውን ብረት በእግርህም ቢሆን አትንካ፤ የታንኩም ፎቶግራፍ ይቅርብህ።

ደግሞም እዚያ ስትደርስ ስለ ካራማራ ደረትህን አትንፋ። ያ ሕዝብ የአገርህ ሰው ነው፤ ብዙው በዚያ ጦርነት ቤቱን ጥሎ ተሰድዷል። «አባትህ ያኔ ከማን ወገን ነበር?» ብለህ የቢሮ ባልደረባህን እንዳትጠይቅ፤ መናገር ከፈለገ ራሱ ይነግርሃል።

የጂጂጋ ሌሊት ነፋስ ከድሬዳዋ ጋር አይገናኝም፤ ወፍራሙን ጃኬት ያዝ። እናትህ በርበሬና ሽሮ በአውቶቡስ ልካልሃለች፤ ሰኞ ከመናኸሪያ ተቀበልና ደውልላት። ስትደውል የዚያን የካራማራ ቀጠሮ መሰረዝህንም ንገራት፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ እሰማለሁ።

አባትህ