ስጡ ሳይርስ፦ ለኦ ክፍል ልጆች የትብብር ጨዋታ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እኛ ያለንበትን ቱሉ ዲምቱን ጨምሮ በከተማዋ ዳር ባሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ለመዋዕለ ሕፃናትና ለኦ ክፍል የገበታ ጨዋታ ይገዛ ሲባል የሚመጣው ሉዶ ወይም እባብና መሰላል ነው። ሁለቱም መጥፎ ጨዋታ አይደሉም፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን ጊዜያቸው አልደረሰም። አንዱ ሲያሸንፍ ሦስቱ ይሸነፋሉ። ሉዶ ላይማ የጓደኛን ጠጠር መብላት ሕጉ ራሱ ያዛል። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ጠጠሩ ሲበላበት ጨዋታ ነው ብሎ አያልፈውም፤ ሰሌዳውን ይገለብጣል። መምህሯም የቀረውን ክፍለ ጊዜ ስታስታርቅ ትጨርሰዋለች። ከሰባትና ከስምንት ዓመት በኋላ ገበጣውም ቅልቦሹም ፉክክሩም ይምጣ፤ ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ የትብብር ጨዋታ ይቅደም ነው የምንለው።

የትብብር ጨዋታ ልጆቹ እርስ በርስ ሳይሆን ከጨዋታው ጋር የሚገጥሙበት ነው። ካሸነፉ ሁሉም ያሸንፋሉ፣ ከተሸነፉም ሁሉም። ከታወቁት አንዱ በ1986 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሃባ የተባለው ኩባንያ ያወጣው የፍራፍሬ ለቀማ ጨዋታ ነው፦ አራት ዛፎች፣ በእያንዳንዱ ላይ አሥር ፍሬ፣ ባለቀለም ዳይስና አንድ ቁራ። የቁራው ሥዕል ዘጠኝ ቦታ ተቆራርጧል፤ ዳይሱ ቁራ ባሳየ ቁጥር አንድ ቁራጭ ይቀመጣል፤ ፍሬው ተለቅሞ ሳያልቅ ሥዕሉ ከሞላ ቁራው አሸነፈ። ይህን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ስልቱን ወስዶ ልጆቻችን በሚያውቁት ነገር መሥራት ይቻላል። ጅብና በግ የሚያደርጉት አሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሊተኛ ለተዘጋጀ ሕፃን ግን ጅቡ ይበዛበታል። የተሰጣ እህልና ዝናብ ይሻላል። ግቢ ውስጥ በርበሬ ወይም ስንዴ ተሰጥቶ ሳለ ደመና ሲመጣ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሯሩጦ ሲያነሳ ያላየ ልጅ እዚህ ሰፈር የለም።

ሰሌዳው ከካርቶን ባይሆን ይመረጣል። ክረምት ላይ የሲሚንቶ ወለል እርጥበት ስለሚይዝ ካርቶኑ ቶሎ ይጎብጣል፤ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ደግሞ ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል። የ50 ኪሎ የዱቄት ወይም የስኳር ማዳበሪያ በጎንና በግርጌ ተቀዶ ሲዘረጋ አራት ልጆች ዙሪያውን ይቀመጡበታል፤ ይታጠባል፣ ተጠቅልሎ ጥግ ይቆማል። የእርሻ ማዳበሪያ የነበረበትን ከረጢት ግን ታጥቦም ቢሆን አትጠቀሙ። ጠርዙ እንዳይተረተር አጥፎ መስፋት ነው። ሥዕሉ በማርከር ከተሠራ የልጆቹ ጉልበት ፈግፍጎ ያጠፋዋል፤ የዘይት ቀለም በስሱ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ በመሃሉ አንድ ቀን ቢደርቅ ይበረክታል። ወፍራም ከተቀባ ከረጢቱ በተጠቀለለ ቁጥር ይፈረፈራል። የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ ከሊድ (እርሳስ ከሚባለው መርዛማ ብረት) ነፃ የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት አይረሳ።

ከረጢቱ መሃል ላይ ሰሌን፣ በአንዱ ጥግ ቤት፣ በሌላው ጥግ ተራራ ይሳላል። እኛ ጋ ተራራው የረር ነው። ከተራራው እስከ ሰሌኑ ድረስ ደመናው የሚራመድባቸው ሰባት ክቦች ይደረደራሉ፤ ሰባተኛው ሰሌኑ ላይ ያርፋል።

እህሉን የሚወክሉት አሥር ክብ እንጨቶች ናቸው። ከአጣና መሸጫ የደረቀ ባህር ዛፍ፣ አምስት ሳንቲሜትር ግድም የሚወፍር፣ በየሁለት ሳንቲሜትሩ ተቆርጦ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። እርጥቡ ከተቆረጠ ሲደርቅ ከመሃል ወደ ዳር ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የልጅ ጣት ይቆነጥጣል። ብዙ ሰው የሚመርጠው ቆርኪ ነው፤ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ጠርዙ ይቧጥጣል፣ ታናሽ ባለበት ቤት ደግሞ ጉሮሮ የሚዘጋ መጠን ነው። የሶፍት ጥቅልል መሃል ባለው የካርቶን ቱቦ ሾልኮ የሚያልፍ ነገር ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ባቄላና ሽንብራስ ለአራት ዓመቱም አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ስለሚገባ ይቅር።

ዳይሱን አናጺ ከቁራጭ ጣውላ አራት ሳንቲሜትር በአራት በአራት አድርጎ ይቆርጠዋል። በአራቱ ገጾች ላይ እጅ፣ በሁለቱ ላይ ደመና ይሳላል፤ ሁለቱ ደመናዎች ተቃራኒ ገጽ ላይ ይሁኑ። አንዱ ጎን በጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ከረዘመ ዳይሱ በሰፊው ገጽ መተኛት ይወዳል፤ ያኔ ደመናው ወይ ጠፍቶ ይቀራል ወይ ይደጋገማል። ገጾቹን በእርሳስ ከ1 እስከ 6 ቁጠሩና 60 ጊዜ ወርውሩት። እያንዳንዱ ገጽ አሥር ጊዜ ግድም መውጣት አለበት። አንዱ ከ4 ካነሰ ወይም ከ16 ከበለጠ እንደገና 60 ጊዜ ይሞከር፤ ያው ገጽ ከደገመው ዳይሱ ይለወጥ።

አጨዋወቱ አጭር ነው። አሥሩ እንጨቶች ሰሌኑ ላይ ይሰጣሉ፣ ደመናውን የሚወክል አንድ ዕቃ ተራራው ላይ ይቀመጣል። በየተራ ይወረወራል፦ እጅ ከወጣ አንድ እንጨት ቤት ይገባል፣ ደመና ከወጣ ደመናው አንድ ክብ ይራመዳል። እህሉ ሳያልቅ ደመናው ሰሌኑ ላይ ከደረሰ ስጡ ራሰ።

አሁን አብዛኛው ሠሪ የሚስተው ነገር ላይ ደረስን። እጅ አራት፣ ደመና ሁለት ስለሆነ፣ አሥር እህል ካለ አምስት የደመና እርምጃ ሚዛኑን ይጠብቃል የሚል ግምት ቶሎ ይመጣል። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይደለም። በአምስት እርምጃ ልጆቹ የሚያሸንፉት ከመቶ ጨዋታ 48 ያህሉን ብቻ ነው። በስድስት 62፣ በሰባት 74፣ በስምንት 83 ይደርሳል። ለጀማሪ ሰባት ትክክለኛው ነው፤ ከአራት ጨዋታ አንዱን ግድም ይሸነፋሉ፣ ዝናቡም ከምር እንደሚያሰጋ ያውቃሉ። አንዲት እርምጃ ይህን ያህል ስለምትለውጥ ተራራው እንደ አንድ ክብ መቆጠር የለበትም። መነሻው ተቆጥሮ ስድስት እርምጃ ብቻ የቀረበት ሰሌዳ ላይ ልጆቹ በየቀኑ ሲሸነፉ፣ ጥፋቱ የልጆቹ ወይም የጨዋታው ተደርጎ ይታሰባል።

ሰባት እርምጃ ካለ ጨዋታው ቢረዝም በ16 ውርወራ ያልቃል። አራት ልጅ ከሆነ ለያንዳንዱ እስከ አራት ተራ ይደርሰዋል። ስምንት ልጅ ከተሰበሰበ ሁለት ሁለት ብቻ ስለሚደርሳቸው ተራቸውን ሳይጠብቁ ይነሳሉ፤ ስለዚህ ከአራት አይለፍ። ክፍሉ ሙሉ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ከረጢት ዘርግቶ የቀሩትን በሥዕልና በዕቃ ዕቃ ማቆየት እንጂ ሁሉንም በአንዴ ማጫወት አያዋጣም።

ትብብር ስለተባለ ብቻ ጠብ አይጠፋም። የመጨረሻውን ደመና የወረወረው ልጅ ላይ ሦስቱ ይጮሁበታል፦ «አንተ ነህ ያራስከው!» ምክር እዚህ ላይ ብዙ አይሠራም፤ ሕግ መቀየር ይሠራል። ዳይሱን የወረወረው ልጅ ደመናውን አይንካ፤ በቀኙ ያለው ልጅ ያራምደው። ወርዋሪና አራማጅ ሲለያዩ ጣት የሚቀሰርበት ሰው ይጠፋል። ሁለተኛው ችግር ትልቁ ልጅ ሁሉንም ማዘዙ ነው። ዳይሱን የያዘ ይወስናል፣ ሌላው አንዴ ብቻ ይመክራል የሚል ሕግ ከመጀመሪያው ቀን ይቀመጥ። ሦስተኛው የእኛ የትልልቆቹ ነው፦ ልጆቹ እንዳያዝኑ ብሎ ደመናውን በስውር መመለስ። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ያያል፤ አንዴ ካየ በኋላ ደመናው አያስፈራውም፣ ጨዋታውም አብሮ ይሞታል።

ከአምስት ዓመት በኋላ ውርወራው ብቻ ስለሚሰለች ምርጫ ይጨመር። አንዱ ሰሌን በአራት ትንንሽ ሰሌኖች ይተካ፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት እንጨት። አዲሱ ዳይስ አራቱ ቀለሞች፣ አንድ እጅና አንድ ደመና ይኖሩታል። ቀለም ከወጣ ከዚያ ሰሌን አንድ ይነሳል፤ ሰሌኑ ባዶ ከሆነ ተራው ያልፋል። እጅ ከወጣ ልጁ ከፈለገበት ያነሳል። ደመናው በአምስት እርምጃ ይጀምር፤ ሲቀላቸው አራት ይሁን።

ማየት የሚገባው እጅ ሲወጣ ነው። ቢጫው ላይ አንድ፣ ቀዩ ላይ ሦስት ቀርቶ ከሆነ ልጁ ቢጫውን አንስቶ «አንዱን ጨረስን!» ይላል። ደስ ይላል፤ ግን ጎጂ ምርጫ ነው። ቢጫው ባዶ ሲሆን ቢጫ የሚወጣባቸው ውርወራዎች ሁሉ ይባክናሉ፤ ደመናው ግን አይባክንም። እጅ የሚሻለው ብዙ ከቀረበት ሰሌን ላይ ማንሳት ነው። ይህን መምህሯ አትንገራቸው። ቢጫ ወጥቶ ተራ ሲያልፍ «አሁን ምን ሆነ?» ብላ ትጠይቅ፤ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ከደረሱበትም በኋላ ከመወርወራቸው በፊት የእያንዳንዱን ሰሌን ቀሪ መቁጠር ይጀምራሉ።

ትምህርት ቤቶች ለመጫወቻ የሚመድቡት ገንዘብ ካለ፣ ከውጭ በሚመጣ ፕላስቲክ ፈንታ ለሰፈር አናጺ ቢሰጥ ዳይሱም እንጨቱም በአንድ ቀን ያልቃል። ከጋዜጣው የምንጠይቀው ሥዕሉን ነው። በልጆች ዓምድ ላይ፣ ሁለት ገጽ ፊት ለፊት ተይዞ፣ ሰሌኑ፣ ቤቱና የደመናው መንገድ ቢታተም መምህራን ገጹን ከረጢቱ ላይ ዘርግተው መስመሩን በመርፌ እየበሱ የከሰል ዱቄት ቢነሰንሱበት ሥዕሉ እንዳለ ይወርዳል። ለዚህ ደግሞ ሥዕሉ መስመር ብቻ እንጂ ጥላና ጥቁር ቀለም የበዛበት መሆን የለበትም። ሰባቱ ክቦች ቁጥር ይጻፍባቸው፤ ተራራው ላይ ግን ቁጥር እንዳይጻፍ አደራ።

የቅድመ መደበኛ መምህራን
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ