ገዳዩን አትንገሩን፣ ፍቅሩንም አትናቁብን

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰላም ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ። የፊልም ገጻችሁን ለዓመታት ሳነብ ቆይቻለሁ። ጋዜጣው እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው እሱን ነው። ይህን ደብዳቤ ተናድጄ ብጽፈውም የምጽፈው እንደ ወዳጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ ስለ አንድ የፍቅር ኮሜዲ ፊልም ጽፋችሁ ነበር። በጠባይ ፈጽሞ የማይገጥሙ ሁለት ፖሊስ መርማሪዎች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ አንድ የግድያ ጉዳይ አብረው እንዲይዙ ይታዘዛሉ። መጀመሪያ ዓይንና ናጫ ናቸው። ቀስ በቀስ ግን ይዋደዳሉ። የፊልሙን ስም ሆን ብዬ አልጠራም፣ ገና ያላዩት ሰዎች አሉና። ጸሐፊያችሁ ግን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ገዳዩ ማን እንደሆነ ጻፈው። ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሃል፣ እንደ ቀላል ነገር። እኔ ደግሞ ትኬት ገዝቼ ነበር።

ሄጄ አየሁት። ፊልሙ መሃል ላይ ሁለቱ መርማሪዎች በአንድ ተጠርጣሪ ምክንያት ክፉኛ ይጣላሉ። እሱ ይታሰር ይላል። እሷ አይሆንም፣ ተሳስተሃል ትላለች። ዝናብ እየዘነበ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ነው የሚከራከሩት፣ ሁለቱም እንቅልፍ አጥተዋል፣ ደግሞ ሁለቱም የሚሉት ያሳምናል። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በዚያች ሰዓት ማንን ልመን እያለ ነበር። እኔ ግን መልሱን ይዤ ነው የገባሁት። አንዳቸው ሲናገሩ የዋህ መሰሉኝ፣ ሌላኛቸው ሲናገሩ ደግሞ ነቢይ። የተበላሸብኝ ምስጢሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቤቴ ገብቼ እተኛ ነበር። ፍቅሩም አብሮ ተበላሸብኝ። እንደዚህ ባለ ፊልም ውስጥ ፍቅር ማለት እኮ ማስረጃው ሳይሟላ ያንን ሰው ማመን አለማመን ነው። ያንን መወሰን የነበረብኝ እኔም ነበርኩ፣ እንደ እነሱ፣ ሳላውቅ። ተነጠቅሁ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዚህ ይብሳል። ጸሐፊያችሁ ፍቅሩን «ለማጣፈጫ የገባ» ብሎ አለፈው። ምርመራው ዋናው ሥራ፣ ፍቅሩ ቅመም። ይህን ብዙ ሰው ስለሚለው ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

አመለካከቱ አዲስ አይደለም፣ ጌቶችም ብለውታል። ኤስ. ኤስ. ቫን ዳይን በሚል የብዕር ስም ይጽፍ የነበረው አሜሪካዊ የወንጀል ልቦለድ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1928 ለመርማሪ ታሪክ ሃያ ደንቦች አውጥቶ ነበር። ሦስተኛው ደንብ ፍቅር አይግባበት ይላል። ሥራችን ወንጀለኛን ፍርድ ቤት ማቅረብ እንጂ የተፋቀሩትን ለጋብቻ ማብቃት አይደለም የሚል ነው ሐሳቡ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊቷ የመርማሪ ታሪክ ደራሲ ዶሮቲ ሴየርስም በመርማሪ ታሪክ ውስጥ ፍቅር ባነሰ ቁጥር ይሻላል የሚል ነገር ጽፋለች።

ከዚያ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1934 «ዘ ቲን ማን» የተባለው ፊልም ወጣ። ዊልያም ፓውል እና ሚርና ሎይ ባልና ሚስት ሆነው እየተቃለዱና እየተሟገቱ ግድያ ይመረምራሉ። የሚገርመው ፓውል ከዚያ በፊት የቫን ዳይንን መርማሪ፣ ፋይሎ ቫንስን፣ በፊልም የተጫወተ ሰው ነው። ፍቅር አይግባበት ያለው ደራሲ የፈጠረውን መርማሪ ሲጫወት የነበረ ተዋናይ፣ ዛሬ ይበልጥ የሚታወሰው ከሚስቱ ጋር በሚመረምረው ሰውዬ ነው። እስከ 1947 ድረስ ስድስት ፊልም ተሠራ። በስድስቱም ባልና ሚስት ናቸው! ይህን የማነሳው ሌላም የሚያበሳጨኝ አባባል ስላለ ነው፤ መርማሪዎቹ አንዴ ከተጣመሩ ታሪኩ ይሞታል ይባላል። አይሞትም። የሚሞተው የሚያከራክራቸው ነገር ሲያልቅ ነው፣ ባልና ሚስት ደግሞ የሚከራከሩበት አያጡም።

የሴየርስ ነገር ከዚህም ይበልጣል፣ እኔ በጣም የምወደው ታሪክ ነው። ያንን ከጻፈች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1930፣ ሃሪየት ቬን የምትባል ገጸ ባሕርይ ፈጠረች። ሃሪየት በነፍስ ግድያ ተከሳ ፍርድ ቤት ቆማለች። መርማሪው ሎርድ ፒተር ዊምዚ እዚያው በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሲያያት ወደዳት፣ ነጻ መሆኗንም አረጋገጠ። ቀላል ደራሲ ብትሆን እዚያ ላይ ታጋባቸው ነበር። ሴየርስ ግን አላደረገችውም። ሃሪየት እምቢ አለች። ሕይወቴን ያተረፈልኝን ሰው ባገባ ዕድሜዬን ሙሉ ባለዕዳ ሆኜ ልኖር ነው ብላ ነው እምቢ ያለችው። እሺ ያለችው በ1935 በወጣው መጽሐፍ ነው። እዚያ ምርመራውን የጀመረችው እሷ ናት፣ መረጃውን የሰበሰበችውም እሷ፣ እሱን ለእርዳታ የጠራችውም እሷው። እንደ ሁለት እኩል ሰዎች ነው የተገናኙት። ከዚያ በ1937 ሴየርስ የጫጉላ ጊዜያቸውን ስትጽፍ መጽሐፉን በንዑስ ርዕሱ መርማሪ ነገር መሃል እየገባ የሚያቋርጠው የፍቅር ታሪክ አለችው። ፍቅር ባነሰ ቁጥር ይሻላል ያለችው ሴት ናት ይህን ያለችው።

እንግዲህ ይህ ማጣፈጫ ነው? ሃሪየት ልታገባው የቻለችው አብራው ስለመረመረች ነው። ምርመራውን ብታወጡት ጋብቻው አይኖርም።

ጥንትም እንዲሁ ነበር። ሼክስፒር በ1600 በታተመ አንድ ኮሜዲው ውስጥ ቢያትሪስና ቤነዲክ የሚባሉ በተገናኙ ቁጥር የሚሰዳደቡ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዲት ንጹሕ ሙሽራ ደግሞ ስሟ በሐሰት ይጠፋል፣ ሠርጓ ላይ ትዋረዳለች። ቢያትሪስና ቤነዲክ ፍቅራቸውን የሚናዘዙት መቼ መሰላችሁ? ያ ግፍ ከተፈጸመ ከደቂቃዎች በኋላ፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። እሷ የምትጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ሙሽራዋን፣ የአጎቷን ልጅ፣ ያዋረደውን ሰው እንዲገድልላት ነው። ያ ሰው ደግሞ የቤነዲክ ጓደኛ ነው። እሷን ካመነ ጓደኛውን ማጣቱ ነው። አመናት። ወንጀሉን የሚያጋልጡት ደግሞ እነማን ናቸው? ዶግቤሪ የሚባል ቃል የሚያምታታ የጥበቃ አለቃና የእሱ የሌሊት ዘቦች። ዘቦቹ አንዱ ተባባሪ ሲያወራ ሰምተው ያዙት። ዶግቤሪ ከሠርጉ በፊት ሊናገር መጥቶ ነበር፣ ወሬው ስለረዘመ ግን የሙሽራዋ አባት ትዕግሥቱ አልቆ ጥሎት ሄደ። ተመልካቹ እየሳቀ ልቡ ይቆረጣል። ያ ሳቅ ባይኖር ልጅቷ አትዋረድም ነበር። ፍቅሩ፣ ሳቁና ወንጀሉ እንደዚህ እርስ በርስ ተጠላልፈው ሲቆሙ ነው ሥራው ሥራ የሚሆነው።

ስለ አለመግጣጠም ደግሞ ልበል፣ ብዙዎቹ ፊልሞች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነውና። እሷ ጠረጴዛዋን ታጸዳለች፣ እሱ መኪናው ውስጥ ቆሻሻ ይከምራል። እሷ ደንብ አክባሪ፣ እሱ ደንብ ጣሽ። ይህ ለአስር ደቂቃ ያስቃል፣ ከዚያ ያልቃል። እውነተኛው አለመግጣጠም የአተያይ ነው፤ ሁለቱ አንድ ክፍል ገብተው ሁለት የተለያየ ነገር ሲያዩ። እሷ ሰዓቱን፣ ደረሰኙን፣ የበሩን ቁልፍ ታያለች። እሱ የሟች እናት ለምን እንዳላለቀሱ ያያል። እያንዳንዳቸው የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል፣ ግማሽ ይዘው ደግሞ ሙሉ የያዙ ይመስላቸዋል። አንዱ የሌላውን ዓይን መዋስ ሲጀምር፣ እሷ ሳታስበው እናትየዋን አይታ ዝም ስትል፣ እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረሰኙን አጎንብሶ ሲያነሳ፣ እዚያ ላይ ነው የተዋደዱት። መሳሳም አያስፈልገውም።

ጃፓናዊው የፊልም ዳይሬክተር ኩሮሳዋ በ1949 በሠራው «ስትሬይ ዶግ» ውስጥ ፍቅር የለም፣ ሁለቱም መርማሪዎች ወንዶች ናቸው፣ ግን ይህን ነገር ከእሱ መማር ይቻላል። ወጣቱ ቶሺሮ ሚፉኔ ሽጉጡ አውቶቡስ ላይ ይሰረቅበታል። ጎልማሳው ታካሺ ሺሙራ ያግዘዋል። ወጣቱ በዚያ ሽጉጥ ወንጀል ለሚሠራው ሰው ያዝናል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ከጦርነት ሲመለሱ ዕቃቸውን የተዘረፉ ወታደሮች ናቸው። ጎልማሳው አይቀበለውም። ስለ ተጎጂዎቹ አስብ ይለዋል። ጠባይ ብቻ አይደለም የለያያቸው፣ ወንጀለኛ ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው የተለያዩት። ይህን ወስዶ ለአንዲት ሴትና ለአንድ ወንድ መርማሪ መስጠት የሚችል ጸሐፊ ቢመጣ እንዴት ያለ የፍቅር ፊልም ይወጣው ነበር!

አሁን ስላየሁት ፊልም በሐቅ ልናገር። መኪና ውስጥ ያለው ትዕይንት ግሩም ነው። መጨረሻው ግን ደካማ ነው፣ ይህን ጸሐፊያችሁ አላነሳውም። ጉዳዩ የሚፈታው በአጋጣሚ በመጣ የስልክ ጥሪ ነው። እንግሊዛዊው ቄስ ሮናልድ ኖክስ በ1929 ባወጣቸው አስር ደንቦች ውስጥ መርማሪን አጋጣሚ አይርዳው ብሎ ነበር። ቫን ዳይን ፍቅርን ሲከለክል ተሳስቷል፣ ኖክስ ግን እዚህ ላይ ልክ ነው። እንዲያውም በፍቅር ኮሜዲ ውስጥ ደንቡ የበለጠ ይጠብቃል። ስልክ ሲፈታላቸው እሷ በመጠንቀቋ፣ እሱም ሰው በማዳመጡ ያገኙት ነገር የለም። ታዲያ የሚቀጥለው ትዕይንት ላይ ለምን ተቃቀፉ? አንዱ ለሌላው ምን ሆነለት? ብዙ ተመልካች ሲወጣ «መጨረሻው አልጣመኝም» ይላል፣ ምክንያቱን ግን ፍቅሩ ላይ ይፈልጋል። ችግሩ ስልኩ ላይ ነበር።

ፊልም ሠሪዎቹ የዘለሉት ሌላም አለ። እነዚህ ሰዎች ፖሊሶች ናቸው። ነገ ፍርድ ቤት ቆመው አንዱ የሌላውን ቃል ሊያጸኑ ነው። የተከሳሽ ጠበቃ ተነስቶ «ከባልደረባዎ ጋር ያለዎት ግንኙነት ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመልሳሉ? እውነቱን ቢናገሩ ምስክርነታቸው ሊጠረጠር ነው፣ ቢዋሹ ደግሞ መሐላ አለ። የሚያስቅም የሚያስጨንቅም ትዕይንት እዚያ ተቀምጧል፣ ማንም አላነሳውም። የፍቅር ኮሜዲ ሁልጊዜ ሁለቱን የሚከለክል ነገር ይፈልጋል፣ ድሮ ቤተሰብና ሀብት ነበር፣ ለመርማሪዎች ሥራቸው ራሱ ነው። ደራሲዎች ግን ተቆጪ አለቃ አምጥተው ይገላገላሉ።

ሟቹም አለ። እንደዚህ ዓይነት ፊልም ውስጥ የሞተው ሰው በአምስተኛው ደቂቃ ይረሳል፣ ከዚያ ሁላችንም እንስቃለን። በዚህኛው ግን የሟች ልጅ ሁለት ጊዜ ጣቢያ ትመጣለች። በሁለተኛው ጊዜ መርማሪዎቹ ሲሳሳቁ ነው የምትደርሰው። ሳቃቸው ቀጥ ሲል አዳራሹም ዝም አለ። እኔም ጉሮሮዬ ተዘጋ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ትዕይንት ነው፣ ግምገማችሁ ውስጥ ስለሱ አንድ መስመር እንኳ አጣሁ።

ጸሐፊያችሁን ለማሳጣት አይደለም። ስለ ቀረጻው የጻፈው ጥሩ ነበር፣ ሳላስተውለው የቀረሁትን ነገር አሳይቶኛል። የምለምነው ይህን ነው። ገዳዩን አትንገሩን። መናገር ግድ ከሆነ ከላይ አስጠንቅቁን፣ ጋዜጣውን አጥፈን እናስቀምጠውና ስንመለስ እናነበዋለን። የድርሰቱን ጸሐፊ ስምም ጥቀሱልን፣ የሁለቱን ተዋንያን ስም አራት ጊዜ ጽፋችሁ መኪና ውስጥ ያሉትን ቃላት የጻፈውን ሰው አላነሳችሁትም። እንደገና የሚጋጩ መርማሪዎች ሲዋደዱ ካያችሁ ደግሞ ፍቅሩን ከምርመራው እኩል መርምሩልን፤ በየትኛው ፍንጭ ላይ ተዋደዱ ብላችሁ ጠይቁ።

እህቴ ፊልሙን ገና አላየችም። ቅዳሜ አብረን ልንሄድ ነው፣ እኔም ልደግመው ነው። መኪና ውስጥ ሲጣሉ ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ፣ ማንን እንደምታምን። ያንን እትም እስከዚያ ደብቄዋለሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ