በማቆያ ማዕከል ለተያዙ ጥገኝነት ጠያቂዎች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ወንጀል ሠርቶ የተፈረደበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታበትን ቀን ያውቃል። ጥገኝነት ጠይቆ በማቆያ ማዕከል የተያዘ ሰው ግን በብዙ አገሮች ይህን እንኳ አያውቅም። ክስ አልቀረበበትም፤ ፍርድም አልተሰጠበትም። ጉዳይህ እስኪታይ ጠብቅ ይባላል፤ በዚያው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይነጉዳሉ። እኛ የሶሻል ወርክ ባለሙያዎች፣ አስተርጓሚዎችና በጎ ፈቃደኞች በጋራ ላቋቋምነው የድጋፍ ፈንድ መዋጮ የምንጠይቃችሁ ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ጥገኝነት መጠየቅ መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 14 ይህን አስፍሯል። የ1951 የስደተኞች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ደግሞ ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ከወደቀበት ምድር በቀጥታ የመጣ ስደተኛ፣ ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣናት ካቀረበና በቂ ምክንያት ካሳየ፣ ያለ ፈቃድ በመግባቱ ሊቀጣ እንደማይገባ ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2012 ባወጣው መመሪያ ማሰር የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን አሳስቧል። ሕፃናትን በስደት ምክንያት ማሰር ግን በየትኛውም ሁኔታ ተገቢ አለመሆኑን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴና የፍልሰተኛ ሠራተኞች ኮሚቴ በ2017 በጋራ አስታውቀዋል። ችግሩ የሕግ እጥረት አይደለም፤ በታሰረው ሰው አጠገብ ቆሞ ሕጉን የሚያስታውስለት መጥፋቱ ነው።

በማቆያ ማዕከላት ውስጥ የሚሠሩ የሶሻል ወርክ ባለሙያዎች የሉም ማለታችን አይደለም። ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ደመወዛቸውን የሚከፍለው አሳሪው ራሱ ወይም ማዕከሉን በኮንትራት የያዘው ድርጅት ሲሆን፣ እንቅልፍ ያጣውን፣ ምግብ ያቆመውን፣ ራሱን ለመጉዳት የሞከረውን ሰው እያዩ፣ ይህን ያመጣው እስሩ ነው ብሎ መጻፍ ይከብዳቸዋል። የአውስትራሊያን ታሪክ እንይ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለ ቪዛ በጀልባ የመጡ ሰዎችን፣ ከ1994 ጀምሮ ደግሞ ያለ ቪዛ የተገኘን ሁሉ በግዴታ ማሰር ያዘች። በ2015 የወጣ ሕግ ደግሞ በማዕከላቱ የሚሠራ ሰው ያየውን ያለ ፈቃድ ቢናገር እስከ ሁለት ዓመት እስራት እንዲደርስበት አደረገ፤ ሕጉ የላላው ባለሙያዎች አጥብቀው ከተቃወሙት በኋላ ነው። በዚያችው አገር በ2005 የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች ኃላፊዎች በራሳቸው ተነሳሽነት ሕዝባዊ ምርመራ ከፍተው፣ ታስረው የነበሩ ሰዎችንና የቀድሞ ሠራተኞችን ቃል በአደባባይ ሰምተዋል። ይህን ማድረግ የቻሉት የማዕከላቱ ተቀጣሪዎች ስላልነበሩ ነው ብለን እናምናለን። የኛም ፈንድ ከመንግሥትም ሆነ ማዕከላቱን ከሚያስተዳድሩ ድርጅቶች ገንዘብ የማይቀበለው ለዚሁ ነው።

ገንዘቡ በዋናነት የሚውለው ለአንድ ሥራ ነው፤ ለገለልተኛ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ሁኔታ ሪፖርት። ሪፖርቱ በአንድ ቀን አይጻፍም። ባለሙያዋ በመጀመሪያው ጉብኝት ስለ ሥቃይ አትጠይቅም፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ቤተሰብ ትጠይቃለች። ሰውየው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ የሚቀመጥ ከሆነ ወንበሩን አትቀይርበትም። አስተርጓሚው ከውጭ የመጣ መሆን አለበት፤ አብሮት የታሰረ ሰው ወይም ዘመድ ካስተረጎመ፣ የተደፈረች ሴት ወይም በሃይማኖቱ የተሰደደ ሰው እውነቱን ላይናገር ይችላል። ጥገኝነት ጠያቂው ለባለሥልጣን የተናገረው ቀንና ቦታ ኋላ ከሰጠው ቃል ጋር ሳይገጥም ሲቀር ውሸታም ይባላል። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ግን የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ እንደሚቸግረው ባለሙያ በጽሑፍ ሲያስረዳ ጠበቃው በእጁ የሚይዘው ነገር ያገኛል። የአስተርጓሚ ክፍያ፣ ርቀው ወደተሠሩ ማዕከላት የሚደረግ ጉዞ፣ የባለሙያው ሰዓት፤ ወጪው ይህ ነው።

ሁለተኛው ወጪ ማረፊያ ነው። ዋስትና የሚሰጠው ዳኛ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ሰውየው የት እንደሚያርፍ ነው። አድራሻ ስለሌለው ብቻ ታስሮ የሚቆይ ሰው መኖሩ ሊያስቆጨን ይገባል። የተፈቀደለትም ቢሆን አንዳንዴ የሚለቀቀው ከመሸ በኋላ ነው። ዕቃውን በፌስታል ይዞ፣ ባትሪው ያለቀ ስልክ ጨብጦ በር ላይ ይቆማል። የሚቀበለው ሰው፣ የመጓጓዣ ገንዘብና ለጥቂት ሳምንታት የሚያርፍበት ክፍል ያስፈልገዋል።

በዚህ ጥሪ ላይ የማንንም ፎቶግራፍና ታሪክ አላወጣንም፤ ወደፊትም አናወጣም። ፎቶግራፍ ቢኖር መዋጮው እንደሚጨምር የነገሩን ወዳጆች አሉ። ነገር ግን አንድ ምስል በአገር ቤት የቀረ ቤተሰብን ለአደጋ ሊያጋልጥ፣ በሂደት ላይ ያለን ጉዳይም ሊጎዳ ይችላል። እስር ላይ ያለ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ምን ያህል ነፃ ፈቃድ እንደሆነም ያጠራጥረናል። በምትኩ ገቢና ወጪያችንን በየሦስት ወሩ ለሁሉም ለጋሾች በጽሑፍ እናቀርባለን።

አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ከፍ ያለ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የሚገባ ትንሽ መዋጮ ይበልጥ ይጠቅመናል፤ የተጀመረ ሪፖርት በገንዘብ እጥረት እንዳይቋረጥ የሚያደርገው እሱ ነውና። ገንዘብ የማትችሉም አላችሁ። ቋንቋ የምታውቁ ለማስተርጎም፣ መኪና ያላችሁ ለማድረስ፣ ትርፍ ክፍል ያላችሁ ለማሳረፍ ስማችሁንና የሚመቻችሁን ቀን አስመዝግቡን። ጉብኝት ከመጀመራችሁ በፊት አጭር ሥልጠና እንሰጣለን፤ የመጀመሪያዎቹንም ጉብኝቶች ልምድ ካለው ባልደረባ ጋር ታደርጋላችሁ።