ሳይት ላይ የማን ቃል ነው የሚሰማው?

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ በግንባታ ሥራ ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚጠየቅ ስለማሳወቅ

ይህን ደብዳቤ ያጻፈን ባለፈው ዓመት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምንቆጣጠረው አንድ ቤት ነው። ጂ ፕላስ ዋን ነው። ባለቤቷ እህታችን የምትኖረው ውጭ አገር ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ታላቅ ወንድሟ ሳይት መጡ። አንዱ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ለመኪና መግቢያ አልተመቻቸውም። «ይሄን ትንሽ ወደዚያ ጠጋ አድርጉት» አሉ። የሠራተኞቹ አለቃ ፎርማኑም ከመሠረቱ የወጣውን ብረት አጥፎ ጠጋ አደረገው። ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪያችን ሲደርስ አርማታው ተሞልቷል። «ማን አዘዘህ?» ሲለው «ጋሼ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

አስፈረስነው። ከዚያ የሒሳቡ ጣጣ መጣ። ኮንትራክተሩ «ባለቤት ያዘዘውን ነው የሠራሁት» አለ። ወንድምየው «እኔ ሐሳብ ነው የሰጠሁት» አሉ። እህታችን በሌሊት ደውላ «ታዲያ ለእናንተ የምከፍለው ለምንድን ነው?» አለችን። እውነቷን ነው። መጀመሪያ ቀን ፎርማኑን ቁጭ አድርገን የማን ትእዛዝ እንደሚፈጸም አልነገርነውም። የወጪውን ሲሶ ከኪሳችን ከፈልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮለኑ የት እንደሚቆም፣ ስንት ብረት እንደሚገባበት የሚወስነው ዲዛይኑን የሠራው መሐንዲስ ነው። የተፈቀደው ፕላንም የእሱን ፊርማ ይዞ ነው የጸደቀው። ከዚያ ውጪ ከተሠራ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የሕንጻ ሹም ሥራውን ሊያስቆም ይችላል። ሠራተኛ ማሰማራት፣ መወጣጫ ማሰር፣ የሰው ደህንነት መጠበቅ የኮንትራክተሩ ድርሻ ነው። እኛ ደግሞ የእናንተ ዓይን ነን። ጥራቱ ያልተስተካከለ ብረት እንመልሳለን። ሙሌት እናስቆማለን። የተሠራውን ለክተን ለክፍያ እንፈርማለን። ዲዛይን መቀየር፣ ዋጋ መጨመር፣ የውል ጊዜ ማራዘም ግን አንችልም። እናንተ በጽሑፍ ካልፈቀዳችሁልን በስተቀር።

እናንተስ? ቤቱ የእናንተ ነው፤ ሐሳብ መቀየርም መብታችሁ ነው። ግን ለፎርማኑ በቀጥታ አትንገሩት። በቀጥታ ያዘዛችሁት ነገር ነገ ሲበላሽ ለኮንትራክተሩ ማምለጫ ቀዳዳ ይሆነዋል። ብርም ለፎርማኑ በእጁ አትስጡት፤ ውላችሁ ከእሱ ጋር አይደለም።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር እንንገራችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ላይ ኮንትራክተሩ ለሠራው ሕንጻ ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም። ስለዚህ ውላችሁ ላይ «የ1 ዓመት ዋስትና» የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፤ አስሩን ዓመት አይሰርዘውም። ለእኛ ሰፈር ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ሕጉ የአፈሩን ጠባይ በስሙ መጥራቱ ነው። አቃቂና ቱሉ ዲምቱ ጥቁር አፈር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሄዳል። ግድግዳ ሲሰነጠቅ «እኔ ምን ላድርግ፣ አፈሩ ነው» የሚል ኮንትራክተር አይጠፋም። ሕጉ ግን በአፈሩ ምክንያት ለሚመጣው ጉዳትም እሱን ነው የሚጠይቀው። እኛ መሠረት ሳይቆፈር የአፈር ምርመራ ይደረግ እያልን የምንጨቀጭቃችሁ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ከመመላለስ አስቀድሞ መመርመር ስለሚረክስ ነው።

በሌላ በኩል አጥሩ ወይም ግድግዳው ወድቆ ጎረቤት ቢጎዳ ተጎጂው መጀመሪያ የሚመጣው ባለቤቱ ዘንድ ነው። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2077 የሕንጻ ባለቤት ሕንጻው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል፣ ሳይታሰብ የደረሰ ቢሆን እንኳ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ዞሮ የሠራውን ሰው መጠየቅ ይችላል። ያኔ ነው ማን ምን እንዳዘዘ የሚያሳይ ወረቀት የሚፈለገው።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ፦ «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼዋለሁ» ማለት ሁሉን ነገር አይሸፍንም። ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ነው። ቤቱን መሸጥ፣ በመያዣነት ማስያዝ፣ ከኮንትራክተሩ ጋር የተነሳ ክርክርን በዕርቅ መጨረስ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። የዲዛይን ለውጥ በእናንተ ስም መፍቀድ የሚችለው ማን እንደሆነም በስም ጽፋችሁ ላኩልን። አንድ ሰው ይሁን። ወንድምም፣ እናትም፣ የአክስት ልጅም ሲያዙ ፎርማኑ የሚሰማው ድምፁ ከፍ ያለውን ነው።

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በምንቆጣጠራቸው ሳይቶች ሁሉ አንድ የትእዛዝ መዝገብ ይቀመጣል። ማንኛውም ለውጥ ቀኑ፣ ያዘዘው ሰው፣ የሚጨምረው ወጪና ቀን ተጽፎ፣ የእናንተ ወይም የወከላችሁት ሰው ፊርማ ካላረፈበት አይሠራም። መዋቅር የሚነካ ከሆነ የዲዛይን መሐንዲሱም ይፈርማል። በቴሌግራም የምትልኩት የድምፅ መልእክት እንደ ሐሳብ እንጂ እንደ ትእዛዝ አይቆጠርም። ይቅርታ፣ አንዳንዱ ሰባት ደቂቃ ይፈጃል።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኛ በኩል። ሳይት ላይ ቀኑን ሙሉ አንውልም። በሳምንት ሦስት ቀን እንመጣለን፤ አርማታ በሚሞላበት ቀን ግን ሳንቀር እንገኛለን። ሳንኖር ሙሌት ከተጀመረ ወዲያው ደውሉልን፣ እሑድም ቢሆን።

የወኪላችሁን ስም የያዘውን ደብዳቤ እስከ አርብ ቢሮአችን አድርሱልን። ለዚያች እህታችን ኮለኑ ቦታው ተመልሷል፤ መኪናውም ይገባል፣ መስታወቱን አጥፎ።

ከአክብሮት ጋር
የቁጥጥር ቢሮው