የ4 ዓመት ልጅ በ3ኛ ክፍል ፈተና ሲመዘን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን የትምህርት ዲስትሪክቶች (የየአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደሮች) ደረጃ አነበብኩት። የእኛ ወደ ታች ነው። እሱ አልገረመኝም። የገረመኝ ከሠንጠረዡ ሥር የተጻፈው አስተያየት ነው። ነጻ ቅድመ መደበኛ (ፕሪስኩል) ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል፣ የ3ኛ ክፍል ውጤት ግን ንቅንቅ አላለም፣ ስለዚህ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ይዋል ይላል።

ሁለት ልጆቼ እዚያው ተምረዋል። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ግን እስቲ አብረን እናስላው። በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ልጆችን በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈትኑ የሚያስገድደው ሕግ የሚጀምረው ከ3ኛ ክፍል ነው። ፕሪስኩል ያለ የ4 ዓመት ልጅ ለዚያ ፈተና የሚደርሰው ከ4 ዓመት በኋላ ነው። እናንተ ያወጣችሁት ቁጥር እንግዲህ ስለ ዘንድሮው ክፍል ምንም አይልም። በመሃል ደግሞ ኪራይ የጨመረበት ቤተሰብ ይለቃል፣ ሌላው ይገባል። ከተፈተኑት ልጆች ስንቶቹ በቅድመ መደበኛው እንዳለፉ ዘገባችሁ አይናገርም። ይህን ሳይለዩ “አልሠራም” ማለት እንዴት ይቻላል?

ደረጃው ራሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚነግረን የወላጆችን ኪስ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 የቺካጎን ተማሪዎች ውጤት ሲመረምሩ፣ ልጆቹ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባሉት 5 ዓመታት የ6 ዓመት ያህል ትምህርት ሲጨብጡ አገኙ። አማካይ ውጤታቸው ግን ከአገሪቱ አማካይ በታች ነበር። በእናንተ ዓይነት ሠንጠረዥ ቺካጎ ሰነፍ ነው።

አሁን ወደ ቦስተን ልሂድ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። እዚያ የመንግሥት ፕሪስኩል ቦታ ከአመልካቹ ስለሚያንስ ዕጣ ይወጣ ነበር። በ2021 የወጣ ጥናት ከ1997 እስከ 2003 ዕጣ ውስጥ የገቡ ከ4,000 በላይ ልጆችን እስከ ወጣትነታቸው ተከታትሏል። ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን የለየው ዕድል ብቻ ስለሆነ ንጽጽሩ ንጹሕ ነው። በክፍለ ግዛቱ ፈተና በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ የእናንተ ጸሐፊ ትክክል በሆነ ነበር። ግን ፕሪስኩል የገቡት በጊዜው ኮሌጅ በመግባት ሌሎቹን በ8 ፐርሰንቴጅ ነጥብ ገደማ በለጡ። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው የተመረቁትም በዙ፤ ከትምህርት ቤት የመታገድ ቅጣትም ቀነሰ። ተራ መጠበቅ፣ ሲናደዱ አለመማታት፣ የጀመሩትን መጨረስ በምርጫ ጥያቄ አይመጣም። ውጤቱ የመጣው በዚህ በኩል ይመስለኛል።

ሁሉም ቅድመ መደበኛ ግን ጥሩ ነው ብዬ አልከራከርም። የቴነሲን ጥናት የሚያውቅ ሰው እንደዚያ ሊል አይችልም። እዚያም 2,990 ልጆች በዕጣ ነበር የተለዩት። በ2022 የወጣው ሪፖርት የክፍለ ግዛቱን ፕሪስኩል የተማሩት 6ኛ ክፍል ሲደርሱ በፈተናም በሥነ ምግባርም ካልገቡት ብሰው እንደተገኙ ያሳያል። ይህን ሳነብ ደንግጫለሁ። ያም ያም ፕሪስኩል ይባላል፤ ስለዚህ ልዩነቱን መፈለግ ያለብን ክፍሉ ውስጥ በሚደረገው ነገር ነው።

ከራሴ ቤት ልናገር። የመጀመሪያው ልጄ ዓመቱን ሙሉ አንድ አስተማሪ ነበረችው። ከቤት ሲወጣ እየሮጠ ነበር። ታናሽ እህቱ በገባችበት ዓመት ግን አስተማሪ 3 ጊዜ ተቀየረባት። ሦስተኛዋ ስትመጣ በር ላይ ቀሚሴን ይዛ አልለቅም ማለት ጀመረች። ልጅቷ አመለኛ ሆና አይደለም። ስማቸውን ለምዳ ሳትጨርስ ነበር የሚሄዱት። ረዳቶቹም እንደዚሁ፤ የተሻለ የሚከፍል ሲያገኙ ማን ይፈርድባቸዋል? በጀቱ ይነሳ የሚለው ሰው ይህን ቢያይ “አላልኳችሁም?” ይል ይሆናል። እኔ ደግሞ ገንዘቡ አስተማሪዋን ማቆየት ላይ ይዋል እላለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ደረጃውን ስታወጡ ልጆቹ ካምና ምን ያህል እንዳደጉ ከጎኑ አስቀምጡ። ከቅድመ መደበኛ አስተማሪዎች ስንቶቹ ዓመቱን እንደጨረሱም ዲስትሪክቱን ጠይቁልን፤ ይህን ቁጥር እስካሁን የትም አላየሁትም። ጋዜጠኛም ላኩ። ጠዋት ልጆቹ ምንጣፍ ላይ በሚቀመጡበት ሰዓት ቢመጣ ጥሩ ነው። ለትልቅ ሰው የሚሆን ወንበር ግን የለም፤ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው።

የሁለት ልጆች እናት